ጋሽ ወዳጆና የምንጣፉ ሰላምታ

አስቴር የደወለችልኝ በማስተምርባት በዋጫ ከተማ፣ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። እንደ ወትሮዋ «ስንቱን ጣልሽው ዛሬ?» ብላ አልቀለደችም።

«ጠበቃ፣ ጋሽ ወዳጆ ወደቁ» አለችኝ በቅጽል ስሜ።

«ታዲያ ይነሡ!» አልኳት። ክፋት አስቤ አልነበረም። በእኛ የጁዶ ክበብ ውስጥ «ወደቀ» ማለት ሰው የሚያስደነግጥ ወሬ አይደለም። ስንወድቅ ስንነሣ ያደግን ልጆች ነን፤ ያሳደጉንም እሳቸው ናቸው።

አስቴር አልሳቀችም። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ጠዋት ዶሮዎቻቸውን ሊለቁ ወደ ጓሮ ወጥተው እዚያው ወድቀዋል፤ ሐኪም ቤትም በሕይወት አልደረሱም። ቀብሩ በማግስቱ ነው አለችኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ስልኩ አሁንም አልተዘጋም ነበር።

«አሁን ማነው ጀምሩ የሚለን?» አለች።

ለሌላ ሰው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ገብቶኛል። በዚያ ክበብ ውስጥ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ «ጀምሩ» የሚል ቃል ከጋሽ ወዳጆ አፍ እንጂ ከሌላ ሰው ሰምተን አናውቅም። አስቴር ራሷ አሠልጣኝ ከሆነች በኋላ እንኳ ልጆቹን አሰልፋ፣ አዘጋጅታ፣ ወደ እሳቸው ዘወር ትል ነበር። ጥግ ላይ ከተቀመጡበት አጭር በርጩማ፣ ከዱካቸው ላይ ሆነው ይሉላታል፤ ከዚያ ይጀመራል።

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ወዳጆን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ። ቀኝ ክንዳቸው ክርኑ ላይ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ አይዘረጋም። በዚያ በታጠፈ ክንድ ላይ ጥቁር ጃንጥላ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት፤ መቼስ የቦንጋ ሰማይ ጃንጥላ አያስጥልም። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የባጃጅ ሾፌሮች «ጋሽ ወዳጆ! ዛሬስ ስንቱን ጣሉ?» ይሏቸዋል።

«እኔ ማንንም አልጥልም፤ የማስተምረው አወዳደቅ ነው» ይላሉ። «አንተም በዚህ አነዳድህ ሳያስፈልግህ አይቀርም። ማታ ብቅ በል።»

ይህን የሚሉት ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ክበቡ ገብቶ ገና በሁለተኛው ቀን ሰው አንሥቶ መጣል የሚያምረው ልጅ ሁሉ ልቡ እየተቃጠለ ለወራት የሚማረው መውደቅ ብቻ ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ በትከሻ ተንከባልሎ። በመጀመሪያው ቀን ያንን የማይዘረጋ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩናል።

«ይህ እጅ የተሰበረው ስለወደቅሁ አይደለም» ይላሉ። «አልወድቅም ብዬ ነው።»

በወታደርነታቸው ዘመን ጁዶ ተምረው፣ አገር ወክለው ውጭ አገር ውድድር ሄደው ነበር። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ምንጣፍ፣ የየአገሩ ባንዲራ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ተጋጣሚያቸው ከመሬት አነሣቸው። መውደቃቸው ነው፤ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ የአገር መለያ ለብሰው መውደቅ አሳፈራቸው። እጃቸውን ዘርግተው ምንጣፉን ሊደገፉት ሞከሩ። ክርናቸው ተሰበረ፤ ግጥሚያውም እዚያው ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ምንጣፍ ላይ አልተመለሱም፤ የተመለሱት የክበባችንን መጋዘን ሲከፍቱልን ነው።

«እኔ ያልጨረስኩትን ግጥሚያ አንድ የቦንጋ ልጅ በዚያ ትልቅ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ሲጨርስ ማየት እፈልጋለሁ» ይሉን ነበር። «ማሸነፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ይጨርስልኝ።»

ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ለዚህች ምኞት ሲሉ ያላንኳኩት በር የለም።

መጋዘኑ የቡና መጋዘን የነበረ ነው፤ በሩ ሲከፈት የገለባ ሽታ ቀድሞ ይቀበላል። ምንጣፍ ስላልነበረን የቡና ጆንያ ሰብስበው፣ በየቤታችን ጓሮ ካለው እንሰት የሚወጣውን ቃጫ እናቶቻችን እንዲሰጡን ለምነው፣ ጆንያውን በቃጫ አስሞልተው ሰፉት። በላዩ ላይ ነጋዴው ሐጂ ከድር የሰጡን የጭነት መኪና ሸራ ተወጠረ። ሐጂ ሸራውን ሲሰጡ «ይህ እስከ ጅማ ስንት ጊዜ ቡና አልብሷል! አሁን ደግሞ የእናንተን ጀርባ ይቻል» አሉ። ቻለ። መጀመሪያ ላይ ግን የኛ ጀርባ ነው ሸራውን የቻለው።

አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰና ምንጣፉ በሙሉ ራሰ። በሩን ስንከፍት የበሰበሰ ቃጫ ሽታ አፍንጫችንን አስያዘን። ሁላችንም በልባችን «አበቃ» አልን። ጋሽ ወዳጆ ጃንጥላቸውን ምስማር ላይ ሰቀሉ፤ ዱካቸው ላይ ተቀመጡና በምላጭ የመጀመሪያውን ጆንያ ስፌት መተርተር ጀመሩ።

«ምን ታያላችሁ? ውስጡን አውጡት እንጂ!»

በቦንጋ ክረምት ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ ናት፤ መጣች ሲሏት ሄዳለች። ብቅ ባለች ቁጥር ቃጫውን እያወጣን ስንዘረጋ፣ ደመና በመጣ ቁጥር እያፈስን ስንሮጥ ከረምን። እኔ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝምና «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ድካም እኮ ለሚቀጥለው ዝናብ ነው» አልኳቸው።

«ጠበቃ» አሉኝ፤ ይህን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ «ዝናቡ ሥራውን አልተወም፤ እኛ በምን ዕዳችን እንተዋለን?»

ቃጫውን ታቅፌ ሮጥኩ።

እናቴ እንኳ በአቅሟ የእሳቸው ተማሪ ናት። ትከሻዬ በልዞ ብታየኝ ልትጣላቸው መጋዘኑ ድረስ መጣች። «ልጄን ምን አደረጓት?» ብላ ጀመረች፤ ስትወጣ ግን አገጭ ወደ ደረት እንደሚሳብና እጅ እንደማይዘረጋ ተምራ ነበር። ከወራት በኋላ የገበያው ቁልቁለት ጭቃ አንሸራቶ ጣላት። ቆጮ ከነቅጠሉ ወደ አንድ በኩል፣ እሷ ወደ ሌላ በኩል። ሴቶቹ «እግዚኦ!» ሲሉ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ወዳጆ ይኑርልኝ፣ አጥንቴን አተረፈልኝ» እያለች አገር አዳረሰች። ቆጮው ግን አልተረፈም።

አስቴር ወደኛ የመጣችው ቡና ጫካ ውስጥ ካለችው መንደር፣ ከማንኪራ ነው። ቦንጋ አክስቷ ቤት ሆና ነበር የምትማረው። አባቷ አቶ ጳውሎስ የጫካ ቡና የሚለቅሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። ልጅቱ ዳገት ላይ ሸክም ተሸክማ ያደገች ስለሆነች ወገቧን ያዝኳት ስትሉ የዛፍ ግንድ ይዛችኋል። ጋሽ ወዳጆ ባዩዋት በሳምንቱ «ይህችን ልጅ ጠብቁልኝ» አሉ፤ የምኞታቸውን መልክ አይተውባታል።

አንድ ቀን አቶ ጳውሎስ ለአክስቷ ማር ይዘው መጥተው፣ ልጃቸው የት እንዳለች ጠይቀው ወደ መጋዘኑ ገቡ። ያዩት ነገር ይህ ነው፤ አስቴር ከሌላ ልጅ ፊት ቆማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። ጁዶ ያለዚህ አይጀመርም፤ አያልቅምም። አቶ ጳውሎስ ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ወጥተው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ልጄ ለሰው አትሰግድም» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

አስቴር ሳትመጣ ሳምንቱ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወዳጆ «ጠበቃ፣ ተነሺ፤ ማንኪራ እንሄዳለን» አሉኝ። በጫካው መንገድ፣ ጭቃው ጫማችንን እየያዘ ስንሄድ እኔ ክርክሬን እያዘጋጀሁ ነበር። ምሳሌው፣ ጥቅሱ፣ ሁሉም ተደርድሮልኛል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር?»

«አንቺ ዛሬ ትሰሚያለሽ።»

«ታዲያ ለምን አመጡኝ?»

«ብቻዬን ከሄድኩ አንቺ እዚያ ብትኖሪ ኖሮ ምን ትዪ እንደነበር ስትነግሪኝ ልትኖሪ ነው።»

አቶ ጳውሎስ በራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ተቀበሉን። «እንደምን ዋሉ ጋሽ ወዳጆ?» ጋሽ ወዳጆም ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?» አሉ። ገብተን ተቀመጥን፤ ማርና ቂጣ ቀረበልን። ሁለቱ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ጀምረው ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ተመለሱ። የእኔ ካፊኖኖ ገበያ አድርሶ ከመመለስ አያልፍም። አስቴር ጓዳው በር ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ጋሽ ወዳጆ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አሉ አቶ ጳውሎስ። «ግን ራስ የሚጎነበሰው ለጌታ ብቻ ነው። ልጄ ለፍጡር ስትሰግድ በዓይኔ አየሁ።»

«አሁን በራፍዎ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ እኮ፣ አቶ ጳውሎስ።»

«ያማ ሰላምታ ነው!»

«የእኛም ሰላምታ ነው።»

አቶ ጳውሎስ ማሩን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያም፣ «ሰላምታ ከሆነ መልሱ የታለ?» አሉ። «እኔ እንደምን ዋሉ ስልዎት እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ሰላምታ መልስ አለው። ራስህን ዝቅ አድርገህ ከወዲያ መልስ ከሌለ ግን ያ ስግደት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ መልስ አልሰማሁም።»

እኔ እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። «ታዲያ ጌታ ጸሎት አይመልስም ማለትዎ ነው?» ልል ነበር፤ ጥሩ ክርክር ነበር። ጋሽ ወዳጆ ጭቃ በያዘ ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ።

«እውነትዎን ነው» አሉ። «መልስ አልነበረውም። ከሰኞ ጀምሮ ይኖረዋል።»

«መልሱ ሳይመጣ አትጀምርም?»

«አትጀምርም። ማንም አይጀምርም።»

አቶ ጳውሎስ ወደ ጓዳው ዞረው «ልብስሽን አዘጋጂ» አሉ። አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ በመልስ ጉዞ ላይ እግሬን እያነከስኩ «ተሸነፍን እኮ» ስላቸው፣ «ልጅቱ መጣች?» አሉኝ። «መጣች።» «እንግዲያው ዝም ብለሽ ሂጂ» አሉኝ።

ከሰኞ ጀምሮ የመጋዘኑ ሕግ ይህ ሆነ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። ጎንበስ ይላሉ። አንዱ «እንደምን ዋልክ?» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሞቹ ልጆች «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የተጠየቀው በተራው ይጠይቃል፤ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ብቻ ጋሽ ወዳጆ «ጀምሩ» ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይቶ ግን ልማድ ሆነ፤ እንዲያውም ደኅንነቱን የጠየቅከውን ሰው በንዴት ልትጥለው እንደማትችል ደረስንበት። ተጣልተው የመጡ ሁለት ልጆች አንድ ቀን ጎንበስ ብለው መልስ ተከለካከሉ። ጋሽ ወዳጆ ዱካቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«መልሱ እስኪመጣ እንደጎነበሳችሁ ናችሁ። እኔ እንደሆነ ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም።»

ወገባቸው ቀድሞ ታረቀ።

በዚያ ዘመን፣ ዘመን ልበለውና፣ የኛ ክበብ ስም ከቦንጋ አልፎ ተሰማ። በክልል ውድድር የኛ ልጆች አሸነፉ፤ በአገር አቀፉ ደግሞ አስቴር። የሌላ ከተማ ልጆች አስቴር ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋልሽ?» ስትላቸው ፈገግ ይሉና ይመልሱላታል፤ የእግዚአብሔር ሰላምታ ማን ይነፍጋል? እናም ነገሩ ችግር ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገር ፈላጊዋ እኔ እንኳ አላሰብኩትም።

አስቴር ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ውጭ አገር ለሻምፒዮና ስትሄድ ጋሽ ወዳጆ አብረው አልሄዱም፤ ቡድኑ የራሱ አሠልጣኝ አለው። መናኸሪያ ሸኘናት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ «የዚያ አገር ምንጣፍ ከኛው ይለሰልሳል» አሏት። «በኛ ሸራ ላይ የወደቅሽ ልጅ እዚያ ብትወድቂ እንቅልፍ ይወስድሻል። አደራ፣ እጅሽን እንዳትዘረጊ። ጨርሰሽ ነይ።»

የግጥሚያዋ ቀን ሐጂ ከድር ሱቅ ተሰበሰብን። ስልካቸውን የዘይት ጄሪካን ላይ አስደግፈው በኢንተርኔት ከፈቱት። ስኳር ሊገዛ የመጣው፣ ባጃጁን አቁሞ የገባው፣ ሁሉም አንገቱን አስግጓል። አቶ ጳውሎስ አልመጡም፤ «ማንኪራ ሆኜ እጸልያለሁ» ብለዋል። ጋሽ ወዳጆ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጃንጥላቸው በክንዳቸው ላይ ይወዛወዛል።

አስቴር በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ወጣች። ጀርባዋ ላይ የአገሯ ስም አለ። ጎንበስ አለች። ተጋጣሚዋም ጎንበስ አለች። የአስቴር ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየን። ዳኛው በጃፓንኛ «ሃጂሜ!» አለ፤ ጀምሩ ማለቱ ነው። ተጋጣሚዋ መጣች። አስቴር ግን እጇን አላነሣችም፤ ዝም ብላ ቆማለች።

«ምን ሆነች? ፈራች እንዴ?» አለ አንዱ።

ጋሽ ወዳጆ በደህናው እጃቸው ግንባራቸውን መቱ። «ወይኔ! መልስ እየጠበቀች ነው!»

ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ሳቄና እንባዬ ይቀላቀልብኛል። ጋሽ ወዳጆ ስልኩ ላይ አጎንብሰው በሙሉ ድምፃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ! ጀምሪ!» ብለው ጮኹ። እኛም ጮኽን። ሐጂ ከድር «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ጠረጴዛውን ደበደቡት። አንድ ሱቅ ሙሉ ሰው ባሕር ማዶ ላለች ልጅ የሰላምታ መልስ ይሰጣል። አልደረሳትም። ተጋጣሚዋ ኮሌታዋን ጨብጣ፣ ዞራ፣ አነሣቻት። በዚያችው ቅጽበት ኔትወርኩ ቆመ።

አስቴር አየር ላይ ቀረች። እግሯ ወደ ላይ፣ ራሷ ወደ ታች፣ ስክሪኑ ደርቆ። ሐጂ ስልኩን ሊያራግፉት ሲሉ ጋሽ ወዳጆ «ተዉት! አትንኩት!» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስልኩ ቀረቡ። ክንዳቸው ልክ እንደ ስክሪኑ ደርቋል።

«እጇን አያችሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «አልዘረጋችም። አገጯ ገብቷል፤ እጇ ተሰብስቧል። ይህች ልጅ ትነሣለች።»

ኔትወርኩ ሲመለስ አስቴር ከላይ ነበረች። ግማሽ ነጥብ ተቆጥሮባታል፤ ግን ተነሥታ፣ ተጋጣሚዋን ጥላ፣ ያንን የዳገት ሸክም የለመደ ደረቷን ጭናባት ይዛታለች። ዳኛው እጁን ሲያነሣላት ሱቁ ፈረሰ። የቀጣዩን ግጥሚያ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ታግላ ተሸነፈች፤ ሜዳልያ አላገኘችም። ጋሽ ወዳጆ ሁለቱንም ቆመው አዩ። ሲያልቅ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሐጂ ከድር «ምነው፣ በሚቀጥለው ታሸንፋለች» ሲሏቸው፣ «ጨረሰችልኝ እኮ ሐጂ፣ ጨረሰችልኝ» አሉ።

አስቴር ስትመለስ መናኸሪያው ውስጥ አቶ ጳውሎስ ከሁሉም ፊት ቆመዋል። አቅፈው ከሳሟት በኋላ የጠየቋት አንድ ነገር ነው።

«ተጋጣሚሽ ሰላምታሽን መለሰችልሽ?»

«መጀመሪያ አልመለሰችም፣ አባዬ። በኋላ ግን ጎንበስ ብላ እጄን ይዛ በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለችኝ።»

አቶ ጳውሎስ «ያ መልስ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወዳጆ ሄደው በራፋቸው ላይ እንደተቀበሏቸው ቀን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አስቴር የክበቡ አሠልጣኝ ሆነች፤ እኔ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ዋጫ ገባሁ። ጋሽ ወዳጆ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ከዱካቸው አልተነሡም።

የቀብሩ ዕለት ስደርስ ዝናቡ እያካፋ ነበር። ካህናቱ በየመንገዱ እየቆሙ ፍትሐት ሲያደርሱ አንዱ ማረፊያ የመጋዘኑ በር ሆነ፤ እትዬ አበበች፣ ባለቤታቸው፣ ለምነው ነው። ሳጥኑ በሩ ፊት ተቀመጠ። በላዩ ጥቁሩ ጃንጥላ ተጋድሟል። አስቴር ልጆቹን ነጭ የጁዶ ልብሳቸውን አልብሳ በጭቃው ላይ አሰልፋለች። እኔም በጥቁር ቀሚሴ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

ካህናቱ ሲያቆሙ አስቴር ምልክት ሰጠች፤ ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«ጋሽ ወዳጆ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከዚያም እንደጎነበስን ቀረን። ማናችንም አስቀድመን አላሰብነውም። ልማድ ነው፤ መልሱ ሳይመጣ ቀና አይባልም። ከመካከላችን ቀና ብሎ የእሳቸውን ሕግ በእሳቸው ሬሳ ፊት የሚያፈርስ አልተገኘም። ዝናቡ ጀርባችን ላይ ይወርዳል። አንድ ልጅ ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ሕዝቡ ነገሩ ስላልገባው እርስ በርሱ ይተያያል።

እኔ ያኔ ወደ ማንኪራ ሄድኩ በሐሳቤ። ራስህን ዝቅ አድርገህ ከወዲያ መልስ ከሌለ ያ ስግደት ነው፤ ይህን ያሉት ሰው ከሕዝቡ መካከል ቆመዋል። አሁን መጥተው የልጃቸውን እጅ ይይዛሉ ብዬ ሰጋሁ። እንደጎነበስኩ በጭቃው ውስጥ ሲራመድ የመጣ ጫማ አየሁ። አስቴር አጠገብ ሲደርስ አልቆመም። አልፎ ሄዶ ሳጥኑ ራስጌ፣ ፊቱን ወደኛ አድርጎ ቆመ።

አቶ ጳውሎስ ወደኛ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ግን እስከ ሰልፉ ጫፍ ተሰማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንደምን ዋላችሁ?»

ሁላችንም በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። እያለቀስን ቀና አልን፤ ቀና ብለንም እንደ ድሮው ወደ ጥግ፣ ወደ ዱካው፣ ዓይናችንን ላክን። በሩ ክፍት ነው፤ ዱካው ባዶ ነው። አስቴርም አየችው። ፊቷን በነጩ እጅጌዋ ጠረገችና ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ጀምሩ» አለች።

ልጆቹ ቀርበው ሳጥኑን ወደ ትከሻቸው አነሡት።